እኛ የሚባለው ጣት

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ጣቷ ነው። የግራ እጇ የቀለበት ጣት ከሌሎቹ ነጣ ብሎ፣ ቆዳው ብዙ ሰው እንደነካው የበር እጀታ ለስልሷል። ቀለበት ገብቶበት አያውቅም። ሆኖም አስተማሪዬ ዶኛ ኦሮሲያ በሐሳብ ስትዋጥ ያንን ጣት በቀኝ እጇ ይዛ፣ ቀለበት እንደሚያዞር ሰው ቀስ እያለች ታሸዋለች። እኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩና የታመመች መስሎኝ አንድ ቀን፣ "ያምዎታል እንዴ?" አልኳት። ጣቷን አየችው፤ እዚያ መኖሩን የረሳች ትመስል ነበር።

"አያመኝም። ይሄ 'እኛ' ነው" አለችኝ።

ፊት ለፊት አንቱ እያልኳት ነው ያደግኩት። ሳስባት ግን ሁልጊዜ እሷ ናት፤ እዚህም እንደዚያው ልጻፋት።

በመንደራችን በቶሬሴካ ሰው ሁሉ በግ ያረባል፤ ዶኛ ኦሮሲያ ግስ ታረባ ነበር። ቀልዱ የአያቴ የማካሪዮ ነው። ቡና ቤቱ ውስጥ ወይን እየቀዳ፣ "መምህርቷም እንደኛ አርቢ ናት፤ ብቻ የሷ መንጋ ሲወልድ አላየንም" ይል ነበር። ትሰማዋለች፤ አትቆጣም። መንጋዋን የምትቆጥረው በጣቷ ነው። አውራ ጣት እኔ፣ ሌባ ጣት አንተ፣ የመሀል ጣት እሱ፣ የቀለበት ጣት እኛ፣ ትንሿ ጣት እናንተ። ለ"እነሱ" ጣት አይተርፍም። እዚያ ስትደርስ እጇን ትዘረጋና በመስኮቱ ወደ ውጭ ታሳያለች፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወደ ላይ ወደሚወጣው መንገድ። አውቶቡሱ የሚያልፈው ከዚያ ማዶ ነው። ለእኛ ልጆች ማብራሪያ አላስፈለገንም። እነሱ ማለት የሄዱት ናቸው፤ ወደ ሳራጎሳ፣ ወደ ባርሴሎና፣ ወደ ጀርመን።

ሌሎች አስተማሪዎች ልጆችን ግስ የሚያስጀምሩት በ"መውደድ" ነው። መጽሐፉም እንደዚያ ያዛል። እሷ ግን ሁልጊዜ የምታስጀምረን በ"ኤስፔራር" ነበር። በቋንቋችን አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰውና ተስፋ የሚያደርግ ሰው የሚናገሩት በዚያው በአንድ ግስ ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ዛሬም ሳስበው እደነግጣለሁ። እሷ ግን የመረጠችው ለዚያ እንዳልሆነ ትነግረን ነበር። "ጸባየኛ ግስ ነው፤ ሥሩ አይናወጥም፣ ጅራቱን ብቻ ይቆላል" ትላለች። ከዚያ ሁላችንም ጣታችንን ከፍተን፣ ኤስፔሮ፣ ኤስፔራስ፣ ኤስፔራ፣ ኤስፔራሞስ፣ ኤስፔራይስ፤ እጃችንን ወደ መስኮቱ ዘርግተን፣ ኤስፔራን። እጠብቃለሁ፣ ትጠብቃለህ፣ ይጠብቃል፣ እንጠብቃለን፣ ትጠብቃላችሁ፣ ይጠብቃሉ።

መንደሩ ሁሉ ማንን እንደምትጠብቅ ያውቃል። ማንም የማያውቀው፣ እሷም የማታውቀው፣ ላምቤርቶ ለምን እንዳልመጣ ነበር። ይህን ጥያቄ እንደዚያ ጣት ስታሸው ኖረች።

ከመንደሩ ጋር አንድ ጦርነት ነበራት። የጦርነቱ ምክንያት "እኛ" ነው። በትክክለኛው ሰዋስው የዚህ ዓይነት ግስ "እኛ" ላይ ሲደርስ አሁኑና ያለፈው አንድ ይሆናሉ። "ኤስፔራሞስ" እንጠብቃለንም ነው፣ ጠበቅንም ነው። የመንደራችን ሰዎች ግን ይህ አልተዋጠላቸውም። ከጥንት ጀምሮ ያለፈውን ሲናገሩ አንዷን ድምፅ ቀየር አድርገው "ኤስፔሬሞስ" ይላሉ። በእነሱ አፍ ኤስፔራሞስ አሁን ነው፣ ኤስፔሬሞስ አልፏል፤ ማንም ከማንም ጋር አይጋጭም። ለዶኛ ኦሮሲያ ግን ይህ የእረኛ አፍ ነበር።

ዛሬ ምንጩ አጠገብ የምትኖረው ካሲልዳ ልጅ ሳለች አርፍዳ መጥታ፣ አውቶቡሱን ጠበቅን ብላ "ኤስፔሬሞስ" አለች። ጣቷን በማስመሪያ ተመታች። እሷ ራሷ ለሰሚ ሁሉ እየደጋገመች ስለምታወራው ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

"ኤስፔሬሞስ ማለት 'እንጠብቅ' ማለት ነው" አለቻት ዶኛ ኦሮሲያ። "ገና ያልሆነ፣ የሚመከር ነገር ነው። ያለፈውን ስትናገሪ ኤስፔራሞስ ነው የምትይው።"

"አሁን የሚሆነውንስ?"

"ኤስፔራሞስ።"

"ታዲያ በምን ይለያል?"

"የሚሰማሽ ሰው ያውቀዋል።"

ካሲልዳ ይህን ስታወራ እዚህ ላይ ቆም ትልና፣ "ያን ጊዜም አላመንኳትም" ትላለች።

ወጣት ሳለች ኦሮሲያ ከሐካ ከተማ ስትመጣ ሻንጣዋን ከአውቶቡሱ ያወረደላት የፌርሚና ልጅ ላምቤርቶ ነው ይባላል። በግ ጠባቂ ነበር። ክረምት ሲሆን፣ በጎቹ በረት ሲውሉ፣ ለትልልቅ ሰዎች ከምሽቱ በፊት ትምህርት ትሰጥ ነበርና ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይማራል። ከሁሉም ግትሩ እሱ ነበር። ኤስፔሬሞስ ይላል፤ ታርመዋለች፤ መልሶ ኤስፔሬሞስ ይላል። በመጨረሻ መርሳቱ እውነት ይሁን ውሸት ሳይታወቅ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ወደ እሷ ቀርቦ የቀለበት ጣቷን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ "ይቺ ማን ነበረች?" ብሎ ይጠይቃታል። "እኛ" ትለዋለች። በማግስቱም ይረሳል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ስትነግረኝ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነበር።

ከዚያ ጀርመን ሄደ፤ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሥራ አገኘ። ቤት ሳገኝ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ እስከዚያ ከእናቴ ጋር ሆናችሁ ጠብቁኝ አላት። ኦሮሲያ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ፌርሚና ቤት ትሄዳለች፤ ሁለቱ መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ፣ ሱፍ ያባዝታሉ። መጀመሪያ ደብዳቤው ቶሎ ቶሎ ይመጣ ነበር። በኋላ ለበዓል ብቻ ሆነ። በኋላ ያም ቀረ።

አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። በመንደሩ ስልክ አንድ ብቻ ነበር፣ አያቴ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ። ሰው ሮጦ ፌርሚናን ጠራ፤ የፌርሚና ጆሮ ደክሞ ስለነበር ኦሮሲያ ደግፋት መጣችና መነጋገሪያውን እሷ ያዘች። ዶሚኖ የሚጫወቱት ሁሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አያቴ እስኪሞት ድረስ ያንን ጸጥታ ያወራ ነበር፤ በቡና ቤቱ ታሪክ እንደዚያ ጸጥ ያለበት ጊዜ የለም ይል ነበር።

ላምቤርቶ የእናቱን ጤና ጠየቀ፤ ነገረችው። የበረዶውን ነገር ጠየቀ፤ ነገረችው። ከዚያ ድምፁ ራቅ ብሎ፣ ቋሚ የሥራ ውል እንዲፈርም እንደጠየቁት፣ ከፈረመ እንደማይመለስ፣ ካልፈረመ ለፋሲካ እንደሚመጣ ነገራት። ቀጥሎ አንድ ቃል ጠየቃት። "እናንተስ?"

መናገር የነበረባት በአውራ ጣቷ ነበር። ኤስፔሮ፣ እጠብቃለሁ። ግን ያላገባች አስተማሪ ናት፤ ዙሪያዋን ወንዶች ሞልተዋል፤ ሁሉም ትንፋሹን ውጧል። ከአሮጊቷ ጀርባ ተሸሸገች። በ"እኛ" መለሰችለት።

"ኤስፔራሞስ" አለችው።

እሱም "ገባኝ" አለ። መስመሩ ተቋረጠ።

ቡና ቤቱ ውስጥ የነበሩት በሙሉ ገብቷቸዋል። በእነሱ ጆሮ ያ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያለው፤ እንጠብቃለን አለችው፣ እንግዲህ ይመጣል አሉ። አያቴ ለሁሉም ወይን ቀዳ። ፌርሚና ማንም ሳይነግራት ነገሩን ከሰዎቹ ፊት ላይ አንብባ በደስታ አለቀሰች። ፋሲካ መጣ፤ ላምቤርቶ አልመጣም። በሚቀጥለው ክረምት ፌርሚና ሞተች፤ በረዶው መንገድ ዘግቶ ስለነበር ከጀርመን የመጣው የሐዘን ቴሌግራም እንኳ ከተቀበረች በኋላ ነው የደረሰው። ከዚያ እዚያው አግብቶ መኖሩን ሰማን።

ኦሮሲያ ግን መንደሩን ለቃ አልሄደችም። ሁሉም ሲሄድ ቀረች። ወንበሮቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑና በመጨረሻ እኔ ብቻዬን የተማርኩበት ዓመት መጣ። "እናንተ" ለማለት ከአንድ በላይ ሰው ያስፈልጋል። እሷ ግን ትንሿን ጣቷን ከፍታ፣ ከእኔ አልፋ ባዶዎቹን ወንበሮች እያየች "ኤስፔራይስ" ትል ነበር፤ ትጠብቃላችሁ። እኔ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አይ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

ስለዚያ ስልክ ስታስብ የኖረችው ሁሉ ስለ መስመሩ ነበር። ድምፄ አልደረሰው ይሆናል ትለኛለች። በሌላ ቀን ደግሞ፣ "ገባኝ" ያለው ጆሮዬ ነው እንጂ እሱ "አልሰማሁም" ብሎ ይሆናል ትላለች። ጥፋቱን በሽቦው ላይ ጥላ ትተኛለች።

ባለፈው ነሐሴ ላምቤርቶ መጣ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ መንደሩ ተመልሼ ነበርና ካሲልዳ ናት መጥታ የነገረችኝ፤ ሚስቱ መሞቷን፣ ራሱም መታመሙን፣ ከልጁ ጋር የእናቱን ቤት ሊሸጥ መምጣቱን፣ ገዢው እንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው ማሰቡን። ዶኛ ኦሮሲያ በማግስቱ ጠዋት ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ደጃፌ ላይ ቆመች። ወደ ፌርሚና ቤት የሚያወጣው ደረጃ ያስቸግረኛል ብላ እንድደግፋት ጠየቀችኝ። ያንን ደረጃ በየቀኑ ብቻዋን ትወጣዋለች።

ላምቤርቶ በእናቱ ደጃፍ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ ተቀምጧል። ልጁ ጉድሩን ውስጥ ግድግዳውን በሜትር ትለካለች። ሲያየን ኮፍያውን አወለቀ።

"እንደምን አደሩ፣ ዶኛ ኦሮሲያ።"

እርስዎ አላት። በቋንቋችን እርስዎ የሚባል ሰው የራሱ ግስ የለውም፤ ከ"እሱ" ተውሶ ነው የሚኖረው። በአንድ ሰላምታ አንስቶ የመሀል ጣት ላይ አስቀመጣት፣ ክፍል ውስጥ ከሌሉት ጋር። ክንዷ በክንዴ ውስጥ ሲከብድ ተሰማኝ።

አጠገቡ ተቀመጠች። ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ፤ ስለ ሙቀቱ፤ ማን ሞተ፣ ማን ገና አለ። አያቴን ሲያነሱ ላምቤርቶ ወደ እኔ ዞሮ ዓይኔ የማካሪዮ ነው አለ። ከዚያ ወሬው አለቀ። ውስጥ የሜትሩ ብረት ሲጠቀለል ይሰማል። ጣቷን ማሸት ጀመረች።

"ላምቤርቶ፣ ለምን አልመጣህም?"

ረጅም ጊዜ አያት። የሚያሾፍበት ሰው ያየ ይመስል ነበር።

"ምን ብዬ ልምጣ? አንቺው ነገርሽኝ እኮ።"

"ምን አልኩህ?"

"በስልክ። እናንተስ ስልሽ 'ኤስፔራሞስ' አልሽኝ። ጠበቅን አልሽኝ። ጠበቅን፣ አበቃ።"

"እንጠብቃለን ነው ያልኩህ" አለችው።

ከዚያ እሱ ነገራት፤ ቀስ እያለ፣ በመሀል እያረፈ። ጀርመን በደረሰ ጊዜ የሚያድረው ከማድሪድ ከመጡ ሰዎች ጋር ነበር። አፉን በከፈተ ቁጥር "በጎቹን የት አሰርካቸው?" እያሉ ይስቁበታል። ኤስፔሬሞስ፣ ቀልድ ሆኖ ቀረ። እሱም አፉን ሊያጥብ ወሰነ። አልጋው ላይ ሆኖ ጣቶቹን እየከፈተ፣ እሷ እንዳስተማረችው፣ ያለፈውን ስትናገር ኤስፔራሞስ፣ ኤስፔራሞስ እያለ ራሱን ያስጠናል። የመንደሩ ቃል ከአፉ ወጣ፤ ከጆሮውም ወጣ። በደወለ ቀን እንደሚፈራ ሰው ነበር ያዳመጠው። ያን ያህል ዘመን ዝም ያላት እሱ ነው፤ ትጠብቀኛለች ብሎ ለማመን ምን መብት ነበረው? ቃሉ ሁለት በር ነበረው፤ እሱ የፈራው በር ነው የተከፈተለት።

"መስመሩ ተቋረጠ" አለች፣ የምትይዘው ነገር እንደሚፈልግ ሰው።

"አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ሰዎቹ ከኋላዬ ተራ ይዘው ነበር፤ ሳለቅስ እንዳያዩኝ ብዬ።"

ሽቦው ነጻ ወጥቷል፤ ጥፋቱን የምትጥልበት ሌላ ነገር አልነበራትም።

"እስቲ ንገሪኝ" አለ ላምቤርቶ። "በእውነት ጠበቅን፣ አበቃ ለማለት ፈልገሽ ቢሆን ምን ትይኝ ነበር?"

"ኤስፔራሞስ።"

"እንጠብቃለን ለማለትስ?"

እጇን ከፈተች። የቀለበት ጣቷን አየችው። ትክክለኛ መልስ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም አሁን ተናግራዋለች።

"እናቴ መነጋገሪያውን ይዛ በመንደራችን አፍ መልሳልኝ ቢሆን ኖሮ" አለ፣ "ፍየል እንኳ ይገባው ነበር።"

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከዚያ እሷም ሳቀች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ጥርሶቿ ትንንሽ መሆናቸውን ያን ቀን አየሁ። የእሱ ሳቅ ሳል ሆኖ ቀረና ጉድሩን ሜትሯን ይዛ ወጣች። በዚያ በጠነከረ አነጋገሯ፣ "ፓፓ፣ ምን ሆናችሁ?" አለች።

"ምንም። ሰዋስው ነው" አላት።

ጉድሩን ቁልፉን ነገ እንደሚያስረክቡና ከሰዓት በኋላ እንደሚሄዱ፣ ሐኪሙ ለጉዞ የፈቀደላቸው ጥቂት ቀን ብቻ መሆኑን በትሕትና ነገረችን። ዶኛ ኦሮሲያ ተነሳች። ለስንብት እጇን ዘረጋች፤ ግራ እጇን ነበር የዘረጋችው፣ ቀኙ እኔን ይዞ ስለነበር። ላምቤርቶ እጇን አልጨበጠም። የቀለበት ጣቷን በሁለት ጣቱ ያዘ። የእሱ ቆዳ ወረቀት መስሏል።

"ይቺ ማን ነበረች?" አላት።

ፀሐይዋ ደጃፉ ላይ ደርሳ ነበር። እኔ በልቤ መልሺለት፣ መልሺለት እል ነበር።

"ረስቼዋለሁ" አለችው።

ጣቷን ቀስ ብላ አወጣች።

እስከ ምንጩ ድረስ ደግፌያት ወረድኩ። ካሲልዳ ውሃው ዳር በርበሬ ታጥባለች፤ የታጠበ በርበሬ እንደሆነ ያስታውቃል፤ እኛን እየጠበቀች ነው። ሽማግሌው እንዴት ናቸው አለች። ደህና ናቸው አልኳት። ቤቱን በእርግጥ ሸጡት ወይ አለች። አዎ አልኳት። አላስቻላትም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና ዶኛ ኦሮሲያ፣ እርስዎና ነፍሷን ይማርና ፌርሚና፣ ያን ሁሉ ዘመን መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላችሁ ምን ትሠሩ ነበር?"

ዶኛ ኦሮሲያ ቆመች። ውሃውን ትንሽ አየች።

"ኤስፔሬሞስ" አለች።

የካሲልዳ እጅ ውሃው ውስጥ ቀረ። አንድ በርበሬ አምልጧት ተንሳፈፈ። እኔን አየችኝ፤ በትክክል ሰምታ እንደሆነ ልትጠይቀኝ ፈልጋ ነበር።

"ጣቴን የተመታሁት ለዚህች ቃል ነው እኮ" አለች በመጨረሻ፣ ለስለስ ብላ።

"አውቃለሁ፣ ካሲልዳ። አንቺ ነበርሽ ልክ።"

በመጽሐፉ ያ ቃል "እንጠብቅ" ማለት ነው፣ "ተስፋ እናድርግ" ማለትም ነው። ልቤ ለአንድ አፍታ ወደዚያ ሮጠ፤ ልጅነት ነው። ግን ዶኛ ኦሮሲያ ቃሉን ያለችው እንደ መጽሐፉ አልነበረም። የመካከሏን ድምፅ ጎትታ፣ መጨረሻዋን ቆርጣ፣ ልክ እንደ ካሲልዳ፣ ልክ እንደ አያቴ፣ በመንደሩ አፍ ነው ያለችው። በመንደሩ አፍ ደግሞ ያ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያለው፤ ፍየልም ይገባዋል። ጠበቅን። አልፏል።

ክንዷን ከክንዴ አወጣች። ልሸኝዎት ብላት በጭንቅላቷ እንቢ አለች። ቤቷ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው፤ ግን በዚያ በኩል አልታጠፈችም፣ ቀጥ ብላ ሄደች። ግራ እጇ ከጎኗ ተንጠልጥሏል፤ ማንም አይነካውም፣ ራሷም አልያዘችውም። እኔና ካሲልዳ ሰማያዊው ቀሚስ ከተዘጋው ትምህርት ቤት መስኮት ሥር ሲያልፍ አየን። ጣቶቿ ሲያልቁባት "እነሱ" ብላ እጇን ትዘረጋበት የነበረውን መንገድ ይዛ፣ ወደ ላይ፣ ሳትቸኩል ትሄድ ነበር።